የተዘጋው በር፦ በአንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በ14 ዓመት ልጅ ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ቅድመ ሪፖርት

ይህ ጥናት የተካሄደው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ባለሦስት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። የናሙናው ብዛት አንድ ነው። ናሙናው አነሰ የሚል ትችት እንደሚነሣ ይታወቃል፤ ሁለት ቢሆን ኖሮ ግን ሪፖርቱን የሚጽፍ ሰው አይተርፍም ነበር። ተጠኚው የበኩር ልጃችን ሲሆን፣ ዕድሜው 14፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪና የዘንድሮ የሚኒስትሪ ተፈታኝ ነው። ዋናው ተመራማሪ አባቱ፣ ተባባሪ ተመራማሪዋ እናቱ ናት። ተባባሪዋ የሰበሰበችው መረጃ ከዋናው ተመራማሪ መረጃ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ከወዲሁ መግለጽ ተገቢ ነው፤ ጭልፋው ያለው በእሷ እጅ ነውና። ታናሽ እህቱ በመረጃ አቀባይነት አገልግላለች። ክፍያዋ በቸኮሌት ተፈጽሟል።

ወላጅ ልጁን ማጥናቱ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ጌኖ ደ ሞንቤያር ልጁ ከተወለደበት እ.ኤ.አ. ከ1759 ጀምሮ እስከ 1777 ድረስ፣ ማለትም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው፣ ቁመቱን እየለካ መዘገበ። መዝገቡን ወዳጁ የነበረው ታላቁ የተፈጥሮ ሊቅ ቡፎን አሳተመለት፤ ዛሬም የሰው ልጅ ዕድገት ጥናት ታሪክ ሲነገር ከመነሻዎቹ አንዱ ይኸው መዝገብ ነው። መዝገቡ የልጁን ቁመት እንጂ የልጁን አስተያየት አልያዘም። ልጁ ወደ 14 ዓመቱ ሲጠጋ ግን ቁመቱ እንዴት እንደተመዘዘ በግልጽ ያሳያል። ቻርልስ ዳርዊንም በ1839 የተወለደውን የበኩር ልጁን ሁኔታ በማስታወሻ ይዞ፣ በ1877 ለኅትመት አብቅቶታል። እሱ ግን ጽሑፉን በጨቅላነቱ ዘመን ላይ ገደበው። ዳርዊን የፍጥረትን አመጣጥ ለመጋፈጥ የደፈረ ሰው ነው፤ ጎረምሳ ላይ አልደረሰም።

የአገራችን ምንጮችም ብዙ አይረዱም። ወንድ ልጅ ሲያድግ ለአቅመ አዳም ደረሰ ይባላል። በቤተ ክርስቲያናችን ትርጓሜ ግን አዳም የተፈጠረው የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ፣ ሔዋንም የ15 ዓመት ቆንጆ ሆና ነው። አዳም ከ30 ጀመረ ማለት 14ን አላያትም ማለት ነው። ዩኒፎርም አላጠረውም፤ «ምን ሆነሃል?» የምትለው አክስትም አልነበረችውም። ስለዚህ ለመለኪያነት አይበቃም። የመጀመሪያው ጎረምሳ ቃየን ነው። የእሱ ጉዳይ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 በሚገባ ስለተመዘገበ እዚህ አንደግመውም።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ወንዱን 18፣ ሴቷን 15 ብሎ ነበር፤ ለሔዋን የተሰጠውን ዕድሜ ሳያነብ አልቀረም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም 18 አደረጋቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጨርሶ አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውን ለብቻው አስቀምጦ እንደ ትልቅ ሰው እንዳይቀጣ ይከለክላል። ተጠኚያችን ያለው እዚሁ ውስጥ ነው። የእናቱ ችሎት ግን ይህን ልዩነት አያውቅም፤ በችሎቱ ፊት የ4 ዓመቷም የ14 ዓመቱም የ43 ዓመቱም እኩል ናቸው። (የ4 ዓመቷ የጎረቤት ልጅ ናት፤ የ43 ዓመቱ ራሱን ያውቃል።)

ከአካል እንጀምር፤ አካል አይዋሽም። መስከረም ላይ የተገዛው የዩኒፎርም ሱሪ «ያድግበታል» ተብሎ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተሰፋ ነበር። ኅዳር ላይ እጥፋቱ ተፈታ። ጥር ላይ ካልሲው ለአደባባይ በቃ። ሳይንሱ ይህን ያውቀዋል። በወንዶች ላይ የቁመት ዕድገት ፍጥነት ጣሪያ የሚነካው 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ በዚያ ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ መጨመር ያለ ነገር ነው። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ፤ የስድስተኛ ክፍል የመታሰቢያ ፎቶ ላይ ሴቶቹ የወንዶቹ ሞግዚት የሚመስሉት ለዚህ ነው። ዕድገቱም ተራ አለው፤ መጀመሪያ የእግርና የእጅ መዳፍ፣ ቀጥሎ ቅልጥምና ክንድ፣ ደረት በመጨረሻ። እንግዲህ ለተወሰኑ ወራት የእግሩ ባለቤት የእግሩ ጫፍ የት እንደሚያልቅ ገና ሳይነገረው ይኖራል ማለት ነው። ረከቦቱ የሚገለበጠው በዚህ የተነሣ እንጂ በንቀት አይደለም። ይህን ለአያቱ ለማስረዳት ተሞክሯል።

የጫማ ቁጥሩ የአባቱን ያለፈው አምና ለፋሲካ ነው። ከዚያ በፊት ጫማ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። አሁን የውርሱ አቅጣጫ ተገልብጦ፣ ዋናው ተመራማሪ ለተጠኚው የጠበበውን፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቢጫ መብረቅ የተሣለበትን ስኒከር አድርጎ ቢሮ ይገባል።

ይህን ሁሉ ያዘዘው ማን ነው? አንጎል ውስጥ ኪስፔፕቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እሱ ካልቀሰቀሰ ጉርምስናም ኮረዳነትም አይጀምሩም። ዘረመሉ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996፣ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኸርሺ በምትባል ከተማ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠናው የቆዳ ካንሰር እንዴት እንደሚሠራጭ ነበር። ከተማዋ ኪስስ በሚባል ቸኮሌቷ ስለምትታወቅ ተመራማሪዎቹ ስሙን ከዚያው ወሰዱለት። ጉርምስናን የሚከፍተው ቁልፍ እሱ መሆኑ የታወቀው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ነው። በቤታችን እንግዲህ ነገሩ የሚነሣውም ወሬው የሚመጣውም በቸኮሌት ነው።

ስለ ምግብ ረጅም መጻፍ አያስፈልግም። እንጀራ የምታመጣልን ሴት «እንግዳ አለባችሁ እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። ይህ የገለልተኛ ምስክር ቃል ነው። በተጨማሪ ተጠኚው ማታ ማታ ፍሪጁን ከፍቶ ቆሞ ያያል፤ ይዘጋዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለስና እንደገና ከፍቶ ያያል። በመካከሉ ማንም ምንም አልጨመረበትም። ረቡዕና ዓርብ ከሽሮ በቀር ምንም እንደሌለ አስቀድሞ ያውቃል፤ ማየቱን ግን አይተውም። በቤቱ ውስጥ ከዚህ የጸና እምነት አልተገኘም።

እንቅልፍን በተመለከተ ግን ፍርድ መስጠት ግድ ይላል፤ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ሰው ሲከሰስ ኖሯልና። ሰርቪሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ተጠኚው በዚያ ሰዓት በሕይወት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ደካማ ነው። አያቱ «ስንፍና ነው» ይላሉ። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ካርስካዶን ለአሥርት ዓመታት ያካሄደችው ምርምር ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ጠዋትም ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ልጁ በጊዜ ተኛ ቢባል ሰውነቱ ገና አልመሸበትም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበር ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያዛል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የተቀሰቀሰ ልጅ ያገኘው 6 ሰዓት ተኩል ነው። ቀሪው ዕዳ ነው፤ ዕዳው ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ይከፈላል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው፣ በ2022 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ በጥቅሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀምሩ ከልክላለች። እኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ የሒሳብ መምህሩ ሁለት ልጅ አስወጥተው ጨርሰዋል። የስንፍናው ክስ በማስረጃ እጦት ውድቅ ሆኗል። አያቱ ይግባኝ ጠይቀዋል።

ድምፁ ላይ የደረሰው ለውጥ መዘዙ ከባድ ነው። የወንድ ልጅ ማንቁርት ሲሰፋና የድምፅ አውታሮቹ ሲረዝሙ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። የሚወርደው ግን ደረጃ በደረጃ ሳይሆን እየተንሸራተተ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን በአባቱ ድምፅ ጀምሮ በእህቱ ድምፅ የሚጨርስበት ጊዜ አለ። ዲሲ የምትኖረው አክስቱ የደወለች ዕለት ስልኩን ያነሣው እሱ ነበር። «ወንድሜ፣ ያችን ብር ለባለቤትህ እንዳትነግራት» ብላ ጀመረች። በቤቱ ውስጥ ማን ለማን ስንት እንዳበደረ የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር በዚህ መንገድ አድጓል። ነገሩ ሲገለጥላት አክስት አላፈረችም። «ውይ! አንተ ነህ እንዴ? ቪዲዮ አድርገው እስቲ! ቁም ልይህ! ዙር እስቲ!» አለችው። ዞረ። ከዚያ ወደ ኋላዋ ተጣርታ ሦስት የማናውቃቸውን ሴቶች አስመጣችለት። በተራ አዩት። አንደኛዋ «ከሲታ ነው» አለች።

እዚህ ላይ ጥናቱ አቅጣጫውን ቀየረ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች «ምናባዊ ታዳሚ» አላቸው ሲል ጻፈ። እንደ እሱ አባባል ልጁ የትም ቢሄድ ሰው ሁሉ እሱን የሚያይ፣ ስለ እሱ የሚያወራ፣ ብጉሩን የሚቆጥር ይመስለዋል፤ ሌላው ሰው ግን የራሱን ኑሮ እየኖረ ነው፤ ታዳሚው ያለው በልጁ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ነው። ንድፈ ሐሳቡ እስከ ዛሬ በሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን አልተፈተነም። ስለዚህ ፈተንነው። ተጠኚው ዳቦ እንዲገዛ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ሱቅ ተላከ፤ ዋናው ተመራማሪ ቆሻሻ የሚጥል መስሎ በርቀት ተከተለ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቡና ይቆላል። ጎረቤታችን ማንከሽከሻውን ይዘው ብድግ አሉ። «ውይ በሞትኩት! ይሄ ያ ሚጢጢው ነው? አዝዬህ አይደል እንዴ ያደግኸው! ረሳኸኝ? እዚህ ቀሚሴ ላይ እኮ ነው የሸናህብኝ!» ልጁ እንዲያስታውስ የተጠየቀው በስምንት ወር ዕድሜው የተፈጸመን ድርጊት ነው። ቡና ሊጠጡ የመጡት እንግዳ «የማን ልጅ ነው?» አሉ። «የላይኞቹ ነዋ።» «ፂም ጀምሮታል እኮ!» ይህ አባባል እንዲጣራ አገጩ በሁለት ጣት ተይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረ። ጉባኤው ተመካክሮ ፂም ሳይሆን ጥላ ነው አለ። ጉባኤው ሲበተን ጎንበስ እንዲል ተደርጎ፣ አንገቱ በሁለት እጅ ተጎትቶ ተሳመ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጡረተኛው ጋሼ ደረጃው ላይ ቆመው ጋዜጣ ያነባሉ። «ስንተኛ ወጣህ?» አሉት። ሰላምታ አልቀደመውም። አንደኛ ፎቅ ባዶ ነበር፤ ተጠኚው እዚያ ላይ ፍጥነት እንደጨመረ ተስተውሏል። በሩ ላይ ጥበቃው «ጎረምሳው! አባትህን በለጥከው እኮ! ቅርጫት ኳስ ለምን አትጫወትም?» አሉት። ዋናው ተመራማሪ ይህን የሰማው ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ሆኖ ነው።

ከባዱ ሱቁ ጋ መጣ። ባለሱቁ ዳቦውን እየቆጠረ ቀና ብሎ አየውና «ይሄን ብጉር ሎሚ ቀባው» አለ። ወረፋ የያዙ ሴት «ኧረ በስመአብ! ሎሚ ያጠቁረዋል፤ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚያጠፋው» አሉ። ባለሱቁ የእህቱን ልጅ ጠቀሰ። ሴትዮዋ ሁለት የእህት ልጆችን ጠቀሱ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጭንቅላቱን አስገብቶ «ተዉት፤ ሲያገባ ይጠፋል» ብሎ ፍርድ ሰጠ። ተጠኚው በዚህ ሁሉ መካከል መልሱን እየጠበቀ ቆሞ ነበር። የብጉር መድኃኒት ማለታችን አይደለም፤ የአንድ መቶ ብሩን መልስ።

የመልሱ ጉዞ በተመሳሳይ ሰዎች ፊት የተደረገ ስለሆነ መዘርዘር አያሻም። የሚያሻው የማታው ነው። ተባባሪ ተመራማሪዋ ከሥራ ስትመለስ ከሦስተኛ ፎቅ ተጠርታ ሪፖርት ተደረገላት፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ እንዳለፈ፣ ሰላምታው እንደቀዘቀዘ፣ እንደከሳ፣ ምናልባትም ፍቅር ይዞት እንደሆነ። እንግዲህ ታዳሚው ምናባዊ ሊሆን ቀርቶ የማታ ዜናም አለው። ኤልካይንድ እንዳለው ቢሆን ልጁ የሚሠቃየው በሌለ ዓይን ነው። በመስክ የተገኘው ግን ልጁ ያሰበው ከተቆጠረው ዓይን ያነሰ መሆኑ ነው፤ የዲሲዎቹን ሦስት ሴቶች ለምሳሌ ጨርሶ አላሰባቸውም ነበር። በዚህ ከተማ ማንም አያየኝም ብሎ የሚያምን የ14 ዓመት ልጅ ካለ፣ ለሐኪም መታየት ያለበት እሱ ነው።

የጉርምስና ጣጣ የዘመን ነው ወይስ የዕድሜ? ሊቃውንት ተጣልተውበታል። ጂ. ስታንሊ ሆል እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ ዕድሜውን የማዕበልና የውጥረት ዘመን አደረገው። ማርጋሬት ሚድ ከሳሞአ ደሴቶች ተመልሳ፣ በ1928 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ማዕበሉ የባህል እንጂ የተፈጥሮ አይደለም፤ የሳሞአ ልጃገረዶች ያለ ችግር ያድጋሉ አለች። ዴሪክ ፍሪማን በ1983 ተነሥቶ ተታለሻል አላት፤ እሷ ግን አምስት ዓመት ቀድማ አርፋ ነበር። ሳሞአ ሩቅ ነው። ሦስተኛው መኝታ ቤት ውስጥ መንዝ ተወልደው ያደጉት አያቱ አሉ።

የአያቱ አቋም ግልጽ ነው። «በእኛ ጊዜ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ልጅ፣ ልጅ ነው። ሞፈር ከጨበጠ ደግሞ ሰው ነው። ይሄን ያመጣው መብራት ኃይል ነው።» ቃላቸው በዚሁ ተመዘገበ። ሁለተኛው ቡና ላይ ግን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ታላቅ ወንድማቸው አወሩ። ለጥምቀት የመጀመሪያውን ረጅም ሱሪ ተሰፍቶለት ሲወጣ አጎታቸው በሕዝብ ፊት «ሱሪው ነው ልጁን የለበሰው!» አሉ። ሰው ሣቀ። ልጁ በማግስቱ ከብቶቹን ሜዳ ላይ ትቶ ወይራ ላይ ወጣ። ተጠራ፤ አልመጣም። ተለመነ፤ አልወረደም። ሲጨልም ራሱ ወርዶ ገባና፣ እሳቱ ከከሰመ በኋላ ከእናቱ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ሲያወራ ሰሙት። «ምን ሲል?» አልናቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጨለማ ነው» አሉ። አያቱ ይህ ቃላቸው የመጀመሪያውን የሚያፈርስ መሆኑን አልተቀበሉም። እኛ ግን ሁለት ነገር ያዝን። አንደኛ፣ መብራት ኃይል ወይራው ሥር አልነበረም። ሁለተኛ፣ ልጁ የወረደው ሲጨልም ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከራሳችን መረጃ ጋር ሲገጥም አየነው። በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ተጠኚው ከክፍሉ ይወጣል። ይህን ለረጅም ጊዜ የኢንተርኔቱ መቋረጥ ነው ስንለው ነበር፤ ዋይፋይ ከሌለ ወላጅም ይመረጣል በሚል መላምት። ነገር ግን የኢንተርኔት ክፍያው ዘግይቶ ዋይፋዩ ብቻ የተቋረጠባቸው ቀናት ነበሩ። በእነዚያ ቀናት አልወጣም፤ ጣሪያውን ሲያይ ተገኝቷል። የሚያስወጣው እንግዲህ ዋይፋዩ አይደለም። ጨለማው ነው። መብራት ሲጠፋ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ይጋደምና ማንም ሳይጠይቀው ያወራል። የልብ ጓደኛው ወደ ካናዳ ሲሄድ እንዳልተሰናበተው የሰማነው እንዲህ ነው። ሚኒስትሪውን እንደሚፈራውም ነገረን፤ በብርሃን «ጥናት እንዴት ነው?» ስንለው «ደህና» ሲል የከረመ ልጅ። ድምፁ እየተሰበረ ሲንሸራተት ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ማየት ስለማይቻል። ከዚያ መብራት መጣ። የግቢው ልጆች እንደ ልማዳቸው በእልልታና በፉጨት ተቀበሉት። ተጠኚው ዓይኑን አጨናበሰ፣ እኛን አየን፣ እያየነው መሆኑን አየ፣ ተነሥቶ ገባ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ተመራማሪ ብሬከሩን በእጅ ማውረድ የሚል የምርምር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ተባባሪ ተመራማሪዋ ሁለት ምክንያት ሰጥታ ጣለችው። አንደኛው የሥነ ምግባር ነው። ሁለተኛው፣ ተጠኚው በመስኮት አይቶ የጎረቤት መብራት እየበራ መሆኑን የማረጋገጥ ችሎታ አለው።

ወደ በሩ እንምጣ። ጥናቱ ሲጀመር የተዘጋው በር የቁጣ፣ የስልክ ወይም የመጥፎ ጓደኛ ምልክት ተደርጎ ተወስዶ ነበር። አሁን ባለው ማስረጃ ይህ አያስኬድም። ልጁ በየዕለቱ የማያውቀውን እግር ተጫምቶ፣ የማያዝዘውን ድምፅ ይዞ፣ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ዲሲ በተዘረጋ ሸንጎ ፊት ያልፋል። ሸንጎው አይጠላውም፤ ይወደዋል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ የሚወድህን ሰው አታይብኝ ማለት አይቻልም። በመሆኑም በቤቱ ካሉት በሮች ሁሉ ይህ ታዳሚ የማይገባበት ያ አንዱ ብቻ ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ በር በቀር፤ እሱም ቢሆን አያቱ ያንኳኳሉ።

ረቂቁ ለተጠኚው ቀርቦ ፈቃዱ ተጠይቋል። በበሩ ክፍተት ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ በዚያው ክፍተት መለሰው። ስሙ፣ ትምህርት ቤቱና አልጋው ሥር የተገኘው ነገር እንዲወጣ ጠይቆ ሦስቱም ወጥተዋል። የብጉሩም ነገር እንዲወጣ ጠይቆ ነበር፤ የጥናቱ ዋልታ በመሆኑ አልተቻለም። ተባባሪ ተመራማሪዋ በበኩሏ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ ልጁን ዳቦ ሲገዛ በማስታወሻ ደብተር የተከተለ ሰው የታዳሚው አካል ሆኖ እንዲቆጠር ጽፋለች። ተቆጥሯል።

ስለዚህ የጥናት ቡድኑ ለፋሲካ ቤታችን ለምትመጡ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ይህን ማሳሰቢያ ያቀርባል። ማደጉን ያውቃል፤ ሱሪው ነግሮታል። አገጩ ላይ ያለው ነገር ፂም ይሁን ጥላ ከበዓሉ በኋላ እንደገና ይጣራል፤ እስከዚያ አትንኩት። አዝላችሁ ያሳደጋችሁት እናመሰግናለን፤ በቀሚሳችሁ ላይ የደረሰውን ጉዳት ቤተሰቡ ተቀብሎታል። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ሚኒስትሪው እስኪያልፍ ታግዷል። ሚስት አትፈልጉለት፤ ሕጉም 18 ይላል። ቪዲዮ የምትደውሉልን ዙር አትበሉት። ዶሮ ወጡ ሲሸተው ማንም ሳይጠራው ከክፍሉ ይወጣል። ሲወጣ ሁላችሁም ቴሌቪዥኑን እዩ።